በመሮ የተጠረበ የሚመስል ፎንት ስትጠቀሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በየጫፉ እግር ያለው ሰሪፍ ፎንት ነው፤ ጠርዙ ግን በመሮ እንደተጠረበ እንጨት እዚህም እዚያም ተሸርፏል። የተሠራው ለርዕስ፣ ለፖስተርና ለሎጎ ነው። ሲያዩት ስለሚያምር ግን ሁሉም ቦታ ይለጠፋል።

የመጀመሪያው ስህተት ማሳነስ ነው። ሳይዙ 72 ሲሆን የመሮ ምት የሚመስለው ሽርፍ፣ 11 ላይ ሲደርስ የቀለም ቆሻሻ ይመስላል። አንቀጽ ሙሉ በዚህ ፎንት ከጻፋችሁ አንባቢ ሁለተኛው መስመር ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። ዝርዝሩን ጸጥ ባለ ፎንት ጻፉት።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እኔን ግን ያናድደኛል። በእጁ የሚጠርብ ሰው ሁለት ፊደል ቁርጥ አንድ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ሁለት የላቲን ኦ ጎን ለጎን ቆመው ሁለቱም ግራ ትከሻቸው ላይ ያው ስንጥቅ ካላቸው፣ በቃ፣ ተነቃ! ጀርመናዊው የፊደል ነዳፊ ሩዶልፍ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣውን ኖይላንድ የተባለ ፎንት አስቡ። ሰሪፍ ባይኖረውም፣ ኮክ ንድፍ ሳይሠራ የማተሚያ ፊደሉ በሚወጣበት ብረት ላይ በቀጥታ ነው የቀረጸው። በዚህ የተነሳ የአንዱ ሳይዝ ፊደል ከሌላው ይለያል። ዛሬ ደህና ፎንቶች ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት አማራጭ ቅርጽ ይዘው ይመጣሉ። በፕሮግራማችሁ የኦፕንታይፕ (የፎንቱ ተጨማሪ አማራጮች) ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ከሌለ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩና የአንዱን ሽርፍ ነካ ነካ አድርጉት።

ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው ቦልድ የሚለውን አትንኩ። ፕሮግራሙ ዙሪያውን ያወፍረዋል፤ ሽርፉም ይደፈናል። ስትሮክም (በፊደሉ ዙሪያ የሚጨመር መስመር) እንዲሁ። ሻዶውና የድንጋይ ቴክስቸር ሲጨመርበትማ አይወራ።

ክፍተቱንም ለኮምፒውተሩ ብቻ አትተዉ። የላቲን ኤ እና ቪ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ መሀላቸው ይከፈታል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ደግሞ ክፍተቱ ይጋለጣል። ቃሉን ዘቅዝቃችሁ እዩት። ማንበብ ስታቆሙ ክፍተቱ ይታያችኋል።

ሌላም አለ፦ አብዛኞቹ እነዚህ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አማርኛ ስትጽፉ ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ሌላ ለስላሳ ፎንት ይተካል። የተጠረበው ላቲንና የተወለወለው አማርኛ ጎን ለጎን ሲቆሙ የተጣሉ ጎረቤታሞች ይመስላሉ።

የመጨረሻውን በራሴ ነው የተማርኩት። ለመስታወት በር የሚለጠፍ ስቲከር ሠራሁ። ስክሪን ላይ ልብ የሚሰርቅ ነበር። መቁረጫ ማሽኑ ግን እያንዳንዷን ሽርፍ ተከትሎ ቆረጠ። ትርፉን ስልጥ የእግሮቹ ጫፎች አብረው ተነሱ። ምላጭ ይዤ አንድ በአንድ ስመልስ አመሸሁ። አሁን ወደ መቁረጫ የሚሄድ ፊደል ካለኝ ጥቃቅኑን ሽርፍ አስቀድሜ አለሰልሰዋለሁ፤ ትላልቆቹን ብቻ አስቀራለሁ።