እሳት የማያነጥራቸው ብረቶች፦ ብርቅዬ የምድር ብረቶችን ስናጠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ አንጥረኛ ወርቅ ሲያቀልጥ ቆሜ አይቻለሁ። ቦራክስ ነሰነሰ፣ እሳቱን ለቀቀበት። ቆሻሻው ከቦራክሱ ጋር ወደ ዳር ሸሸ፤ ወርቁ መሀል ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ቁጭ አለ። ቅቤም የምናነጥረው በእሳት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ብርቅዬ የምድር ብረቶች፣ ማለትም እንደ ሴሪየምና ኒዮዲሚየም ስላሉት፣ ሳስተምር ተማሪዎቼ ቶሎ ብለው «ቀልጦ ይጥራ!» የሚሉኝ።

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ወርቅ ኦክስጅንን አይፈልገውም፤ እሳቱ ውስጥ የሚቃጠለው አብሮት ያለው ሌላው ብረት ነው። ሴሪየም፣ ኒዮዲሚየም፣ ይትሪየም ግን ኦክስጅን ሲያገኙ አይለቁም። ላይተር ለኩሱና እዩ። የላይተር ድንጋይ የምንለው ድንጋይ አይደለም፤ ሴሪየም የበዛበት ቅይጥ ነው። ሲፋቅ የሚረግፈው ፍርፋሪ አየር እንደነካው ይቀጣጠላል። ይህን ብረት ክፍት አየር ላይ ማቅለጥ ኦክስጅን ማጉረስ ነው። ስለዚህ ከብረቱ ጋር በማይዋሃደው በአርጎን ጋዝ ወይም አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ (በቫኪዩም) ውስጥ ይሠራል። አርጎኑም ትንሽ ኦክስጅንና እርጥበት ስለማያጣ በጋለ ቲታኒየም ላይ ቢያልፍ ይሻላል፤ ቲታኒየሙ ይስባቸዋል።

ሌላው ስህተት በከሰል ወይም በሃይድሮጅን ኦክስጅኑን ለማስወጣት መሞከር ነው። ለተራ ብረት ይሠራል። እዚህ ግን የከሰሉ ካርቦን ራሱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ካርባይድ፣ ሃይድሮጅኑም ሃይድራይድ ይሆናል። አንዱን እንግዳ ስታስወጡ ሌላ አስገባችሁ ማለት ነው። ኦክስጅኑን መንጠቅ የሚችለው ካልሲየም ነው፤ እሱም ኦክስጅን በመሳብ የሚበልጣቸው በጠባብ ልዩነት ነው። ስለዚህ የሚፈጠረው የካልሲየም ኦክሳይድ በቀለጠ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሟሙቶ ከብረቱ መራቅ አለበት። ያለዚያ በቆሸሸ ውሃ ልብስ እንደማጠብ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያውኑ ኦክስጅን አለማስገባት ነው፦ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ከተዋሃደበት ከኦክሳይድ ይልቅ ከፍሎሪን ጋር ከተዋሃደበት ከፍሎራይድ ተነስቶ በካልሲየም ብረቱን ማውጣት።

ማቅለጫ ዕቃውንም አትርሱ። የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ሸክላ ሙቀት ይችላል፣ ግን የቀለጠው ብረት ከሸክላው ውስጥ ኦክስጅን ይመጠምጣል። በታንታለም ዕቃ ሥሩ፤ ጉጂ ውስጥ ያለው የእኛው የቀንጢቻ ማዕድን ማውጫ የሚታወቅበት ብረት ነው።

ሁሉንም በአንድ ዘዴ ማጥራትም አያዋጣም። ሳማሪየም፣ ዩሮፒየምና ይተርቢየም በቫኪዩም ቶሎ ይተናሉ። ካልተጠነቀቃችሁ ብረቱ ራሱ ይጠፋባችኋል። አውቃችሁ ከሠራችሁበት ግን በረከት ነው፦ ብረቱ ተንኖ ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ይጠራቀማል፣ ኦክሳይዱ ታች ይቀራል። ላንታነም ግን በዚህ መንገድ እሺ አይልም፤ የሚፈላው ከ3,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «99.9 በመቶ ንጹህ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆጠሩት ሌሎች ብረቶች ብቻ ናቸው፤ ኦክስጅን አይገባበትም። ከእነዚሁ ብረቶች አንዱ የሆነው የጋዶሊኒየም አቶም ከኦክስጅን አቶም 10 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ በክብደት 0.1 በመቶ ኦክስጅን ማለት በአቶም ሲቆጠር ከ100 አንዱ ገደማ ነው! የምርመራ ወረቀቱን ስትቀበሉ የኦክስጅን፣ የናይትሮጅን፣ የካርቦንና የሃይድሮጅን መስመር ፈልጉ። ከሌለ ሳትከፍሉ ጠይቁ።