ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ «ኮር አይ7 ነው» ነው፤ ይህ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው። እሱ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ5-8250ዩ 8ኛ ትውልድ ነው፤ አይ7-4600ዩ ደግሞ 4ኛ፣ ማለትም የቆየ ነው። ስሙ ያነሰው አይ5 አራት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሲኖረው ያኛው አይ7 ሁለት ብቻ ነው ያለው።

ትውልዱ ሌላም ጣጣ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም።

ከዚያ ዲስኩን እዩ፤ እኔ ከፕሮሰሰሩ በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ) ይሁን ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው፣ ዘገምተኛው) ተመልከቱ። ኤችዲዲ ከሆነ ኤስኤስዲ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከ8 ጊጋ ባያንስ ጥሩ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ያላችሁ ግን አትጣሉት! የእህቴ 4ኛ ትውልድ ላፕቶፕ እስኪከፈት ቡና ይፈላ ነበር። ኤስኤስዲ ገጠምንለት፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን ጫንንበት፤ ዛሬ የምረቃ ጽሑፏን የምትሠራው በእሱ ነው። ሜኑው ከታች በግራ በኩል ስለሆነ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያስቸግርም፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ከመጫናችሁ በፊት ሚንትን ከፍላሽ አስነስታችሁ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ሞክሩ፤ ዲስካችሁ ላይ ያለውን ምንም አይነካባችሁም።