ጥልቁን የአርክቲክ ባህር በሙሪንግ እንዴት መከታተል ይቻላል

ሳተላይት የበረዶውን ስፋትና የባህሩን የላይኛውን ሙቀት ያሳያል፣ ከዛ በታች ያለውን ግን አያየውም። መርከብ ሄዶ ቢለካ ደሞ የዛን ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ክረምት ላይ ጨለማና በረዶ ስለሆነ ብዙም አይኬድም። ስለዚ መሳሪያውን እዛው ውሃ ውስጥ አስሮ ትቶ መምጣት ነው ያለው አማራጭ። ሙሪንግ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ታች ከባድ መልህቅ፣ ከሱ ወደ ላይ የሚሄድ ገመድ፣ ገመዱ ላይ በየጥልቀቱ የታሰሩ ሴንሰሮች፣ ጫፉ ላይ ደሞ ሁሉንም ወጥሮ የሚይዝ ተንሳፋፊ። ከላይ የሚታይ ምንም ነገር የለም።

ለምሳሌ ፍራም ስትሬትን እንውሰድ፣ በግሪንላንድና ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች መሃል ያለውን የባህር መተላለፊያ። አርክቲክ ጥልቅ ውሃውን ከሌላው ውቅያኖስ ጋር የሚለዋወጠው በዚህ ብቻ ነው፣ ጥልቀቱ 2,500 ሜትር ገደማ ይሆናል። በምስራቁ ጎን ሞቅ ያለ የአትላንቲክ ውሃ ይገባል፣ በምዕራቡ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ይወጣል። የጀርመኑ አልፍሬድ ቬገነር ኢንስቲትዩትና የኖርዌይ ፖላር ኢንስቲትዩት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዛ ሙሪንግ ደርድረው ይለካሉ።

1. መጀመሪያ እንዴት እንደምታወጡት ወስኑ

አዎ፣ ገና ሳትጥሉት። ከመልህቁ በላይ አኮስቲክ ሪሊዝ የሚባል መሳሪያ ይታሰራል፣ ከመርከብ በድምፅ ኮድ ሲላክለት መንጠቆውን ይከፍትና መልህቁን ጥሎ ሌላው ሁሉ ይንሳፈፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሴንሰር ቀንሳችሁም ቢሆን ሁለት ሪሊዝ ጎን ለጎን እሰሩ፣ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይከፍታል፣ አንድ ብቻ ካለና ባትሪው ከሞተ ግን የዓመት ወይ የሁለት ዓመት ዳታ እዛው ባህር ስር ቀረ ማለት ነው።

መልህቁ ስለማይመለስ ውድ ነገር አያስፈልገውም፣ ብዙ ቦታ ያገለገለ የባቡር ብረት ጎማ ደራርበው ነው የሚጠቀሙት። ለመንሳፈፊያ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ወፍራም የመስታወት ኳስ ጥሩ ነው፣ 43 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አንዱ ኳስ 25 ኪሎ ገደማ ያነሳል፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለውን ወደ 250 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊትም ይችላል። ኳሶቹን ሁሉ ጫፉ ላይ ብቻ አትሰብስቧቸው፣ ከሪሊዙ በላይም የተወሰነ አድርጉ፣ ምክንያቱም የላዩ ተበጥሶ ቢሄድ የታችኛው የተረፈውን ይዞ ይወጣል።

የላይኛው ተንሳፋፊ ስንት ሜትር ላይ ይሁን? አርክቲክ ውስጥ ተደራርቦ የተጣበቀ በረዶ ወደ ታች ብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚ 50 ሜትር አካባቢ ወይም ከዛ በታች ይደረጋል። አንታርክቲካ ዌደል ባህር ከሆነ የበረዶ ተራራው ከ200 ሜትር በላይ ሊወርድ ስለሚችል በጣም ዝቅ ማድረግ ነው።

2. ሴንሰሮቹን አዘጋጁ

ለሙቀትና ለጨው ማይክሮካት የሚባለው ትንሽ መለኪያ፣ ለውሃው ፍሰት (ከረንት) ፍጥነት የከረንት ሜትር ወይ ኤዲሲፒ (በድምፅ በየጥልቀቱ ያለውን ፍሰት የሚለካ)፣ ለበረዶው ውፍረት ወደ ላይ የሚያይ ሶናር (ድምፅ ልኮ ርቀት የሚለካ)። ጥልቁ ውሃ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፣ ከግሪንላንድ ባህር የሚመጣው ጥልቅ ውሃ ለምሳሌ በ10 ዓመት 0.1 ዲግሪ ገደማ ነው የሞቀው፣ ስለዚ የሴንሰሩ ንባብ በጊዜ ብዛት ከትክክሉ ትንሽ ከሸሸ የምታዩት የባህሩን ለውጥ ሳይሆን የመሳሪያውን ነው። ለዚህ ነው ከመጣሉ በፊት ሴንሰሮቹን ከመርከቡ ሲቲዲ (ሙቀት፣ ጨውና ጥልቀት በትክክል የሚለካ መሳሪያ) ጋር አስሮ ወደ ታች አውርዶ ማወዳደር የሚያስፈልገው፣ ሲወጡም እንደገና።

ሰዓታቸውን በጂፒኤስ አስተካክሉ። በየስንት ደቂቃው እንደሚለኩ ስትወስኑ ባትሪውን አስሉ፣ መርከቡ በበረዶ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ላይደርስ ይችላል። ኮምፓስ ያላቸውን ደሞ ባትሪያቸው ውስጥ እያለ ፈትሹ፣ ባትሪና ብረት ኮምፓስ ያሳስታል፣ ማግኔታዊው ዋልታ አጠገብ ከሆነማ ብቻውንም አይታመንም።

3. መጣል

አብዛኛውን ጊዜ መልህቁ መጨረሻ ነው የሚጣለው። መርከቡ ፊቱን ወደ ነፋሱና ወደ ከረንቱ አዙሮ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መጀመሪያ የላይኛው ተንሳፋፊ ይገባል፣ ከዛ ገመዱ እየተለቀቀ ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ እየታሰሩ ከኋላ ይዘረጋሉ፣ እያንዳንዱ ሲገባ የመሳሪያ ቁጥሩንና ሰዓቱን የሚጽፍ ሰው መኖር አለበት (ሌላ ስራ አትስጡት)። መልህቁ ሲወድቅ ገመዱ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ከተፈለገው ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚለቀቀው።

መሬት ከነካ በኋላ ሄዳችሁ አትጥፉ። በዙሪያው ሶስት ቦታ ላይ ቆማችሁ ሪሊዙን በድምፅ ጠይቁት፣ መልሱ የወሰደበት ጊዜ ርቀቱን ይሰጣችኋል፣ ሶስቱ ክቦች የሚገናኙበት ትክክለኛ ቦታው ነው። ጂፒኤስ ውሃ ውስጥ አይሰራም።

4. ማውጣት

ክፍት ውሃ ከሆነ ቀላል ነው፣ ኮድ ትልካላችሁ፣ ይመልሳል፣ ቢጫዎቹን ኳሶች መፈለግ ብቻ ነው። በረዶ ካለ ግን አትቸኩሉ፣ በረዶው ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ተከታትላችሁ ክፍት ቦታ በላዩ ላይ ሲደርስ ነው የሚለቀቀው። በረዶ ስር ከወጣ በሪሊዙ ድምፅ እየተከታተሉ እንደ ፖላርሽተርን ያለ በረዶ ሰባሪ መርከብ ቀስ ብሎ በረዶውን ሰብሮ ሊያወጣው ይሞክራል፣ ገመዱ ፕሮፔለሩ ውስጥ እንዳይገባ እየተፈራ። ሪሊዙ ጭራሽ ካልመለሰ በመንጠቆ መጎተት አለ፣ እሱም አንዳንዴ ይሳካል።

ዴክ ላይ ሲደርስ ውሃ የገባበት የሚመስል መሳሪያ ካለ ክዳኑ ፊት አትቁሙ! ውስጡ ግፊት ታፍኖ ሊሆን ይችላል፣ የሊቲየም ባትሪ ካለበት ደሞ የባሰ ነው። ደህና የሆነውን ሳታጠፉ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ጋር አወዳድራችሁ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይ እንደዘገየ ጻፉ፣ ከዛ ዳታውን አውርዳችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ዳታውን ስታዩ የግፊቱን መስመር አስቀድሙ፣ ሴንሰሩ ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከረንቱ ሲበረታ ሙሪንጉ ያጋድላል፣ 250 ሜትር ላይ ነው ያላችሁት ሴንሰር ለጥቂት ቀን 300 ሜትር ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ያኔ የታየው ቅዝቃዜ ከጥልቀቱ የመጣ ነው። በዛው ጉዞ መልሳችሁ የምትጥሉት ከሆነ ደሞ ካሊብሬት የተደረጉ (ንባባቸው ተፈትሾ የተስተካከለ) ሌሎች ሴንሰሮች ይዛችሁ ሂዱ፣ የወጣው ወደ ላብራቶሪ ይመለስ።