ተከራይ ያለበትን ቤት ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በዳንግላ ለሽያጭ የሚቀርብ ግቢ ብዙ ጊዜ ሰው አለበት። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ሰርቪስ ክፍሎች ይገኛሉ። በየክፍሉም መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ከገጠር ለትምህርት የመጡ ልጆች ይኖራሉ። ሻጩ ስለ ዋጋው፣ ገዢው ስለ ካርታው ሲጨነቅ እነዚህ ሰዎች ይረሳሉ፤ ሽያጩ የሚሰናከለውም በአብዛኛው እነሱ ጋ ሲደርስ ነው። ተከራዩ አስቀድሞ ካወቀና የተነጋገሩት በጽሑፍ ከሰፈረ ግን እንዲህ ያለው ቤት በሰላም ይሸጣል።

ተከራዩ ወሬውን ከደላላ እንዲሰማ ማድረግ

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ተከራይዋ ምጣድ ጥዳ እንጀራ ትጋግራለች። ደላላው ሁለት የማታውቃቸውን ሰዎች አስከትሎ ይገባል፤ ግቢውን በእርምጃ ይለካል፣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ከዚያም ወደ እሷ በር እያመለከተ «ይህቺኛዋ ትፈርሳለች፣ እዚህ ጋ ፎቅ ይወጣል» ይላል። የምትኖርበት ቤት መሸጡን ያወቀችው በዚህ ቃል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ማገሩን ምስጥ እንደበላው፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደርቅ ትነግረዋለች። አንዲት ቃል አልዋሸችም። ዋጋው ግን ይወርዳል፤ ባለቤቱም «ተከራይዋ ገበያዬን ዘጋችው» ብሎ ይወቅሳታል። ጥፋቱ የእሱ ነው።

ደላላ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ ይሂዱ። ቁጭ ብለው፣ ቡና ከቀረበም ጠጥተው፣ ቤቱን ለመሸጥ እንዳሰቡ፣ መቼ ገደማ እንደሚሆንና ለመልቀቂያ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጡ ይንገሩ። በዚያው አፍዎ «እናንተስ መግዛት ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የቤቱን ጉድለትም ጥቅምም ከተከራዩ በላይ የሚያውቅ ገዢ የለም፤ በተለይ ከመሥሪያ ቤቱ የቤት ብድር የሚያገኝ የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ጥያቄዎ በከንቱ ላይቀር ይችላል።

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ስሸጠው ይወጣሉ» ማለት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን አመለካከት ለውጦታል። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቤቱ በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳ ተከራዩን ለማስለቀቅ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የእርስዎ ከተማ ይካተት እንደሆነ የከተማውን የቤቶች ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ካልተካተተም ያለዎትን የኪራይ ውልና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። «ውላችን የቃል ነው» የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ሲካሰሱ ግን ሁለቱም ወገኖች ኪራዩ መቼ እንደጀመረና ስንት እንደሆነ በምስክር ለማስረዳት ይንከራተታሉ።

ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ ቀኑ ይኑርበት፣ ተከራዩ በአንዱ ቅጂ ላይ ይፈርም፣ ምስክርም ይኑር። በስልክ የተነገረ ቀን ማንንም አያስገድድም።

ወሩንም ይቁጠሩ። በታኅሣሥ የሰጡት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ የሚያልቀው በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጠና ነው። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው ፍራሽና የእህል ጆንያ በጋሪ ጭኖ በጭቃ መንገድ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የተማሪ ወላጅ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ፈተና ገና አላለቀም። በግንቦት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ግን በኅዳር ያልቃል፤ መንገዱ ደርቋል፣ ልጆቹም በአዲሱ ዓመት የሚማሩበትን አስቀድመው ማመቻቸት ይችላሉ። ሕጉ ስለ ወሩ ባያዝዝም ሰው ነንና ልንጠነቀቅለት ይገባል።

ባዶ ያልሆነን ቤት ባዶ አድርጎ መሸጥ

ገዢ እንዳይሸሽ ሲባል በሽያጭ ውሉ ላይ «ቤቱን ከማንኛውም ሰው ነጻ አድርጌ በአንድ ወር ውስጥ አስረክባለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የገደብ አንቀጽ ይከተላል፤ ውሉን ያላከበረ ወገን ይህን ያህል ብር ይከፍላል የሚል። ተከራዩ ስድስት ወር የሚገባው ከሆነ ሻጩ ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ፈርሟል ማለት ነው። በአንድ በኩል ገዢው ቁልፍ ይጠይቃል፤ በሌላ በኩል ተከራዩ መብቴ ነው ይላል።

እዚህ ላይ የቀብድ ነገር ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 300,000 ብር ቀብድ ተቀብለው ማስረከብ ስላልቻሉ ውሉን ልተወው ቢሉ 600,000 ብር ሊጠየቁ ይችላሉ። ገንዘቡን ደግሞ አብዛኛው ሻጭ ለሌላ ቦታ መግዣ ወይም ለልጅ ሰርግ አውጥቶታል።

መፍትሔው እውነቱን መጻፍ ነው። በግቢው ስንት ተከራይ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ስንት እንደሚከፍል፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅና መቼ እንደሚወጣ ይዘርዘር። የዋጋው የተወሰነ ክፍል ግቢው እስኪለቀቅ በገዢው እጅ ይቆይ ብለው መስማማትም ይቻላል። ተከራዩ እንዲቆይለት የሚፈልግ ገዢም አለ፤ አዲስ አበባ እየኖረ በትውልድ ከተማው ንብረት የሚያፈራ ሰው ኪራዩን በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ግቢው ውስጥ ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

በማስመረር ማስለቀቅ

ቆጣሪ ማጥፋት፣ ቧንቧ መዝጋት፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር መቆለፍ፣ ክዳኑን «ላድስ» ብሎ ቆርቆሮ ማንሳት። ይህ በሰው ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ምንም ሰበብ አያቀናውም። በሕግም ተከራዩ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ይዞ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ክርክር ያለበትን ቤት ደግሞ ጥንቁቅ ገዢ አይነካውም።

በኪራይ ሰብሳቢው ውክልና መሸጥ

ባለቤቱ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ይኖራል፤ ወንድሙ ደብረ ማርቆስ ሆኖ ኪራይ ይሰበስባል። ወንድም ውክልና ስላለው ሊሸጥ ይነሳል። ቤት የማስተዳደርና የማከራየት ውክልና ግን የመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም፤ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መኖር አለበት። የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ የውርስ ቤት ከሆነ የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል። ገዢም ቢሆን ተከራዮቹን «ኪራይ የምትከፍሉት ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ በካርታው ላይ ካለው ስም የተለየ ስም ከሰማ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ምክንያቱን ያጣራ።

ትናንሽ ሒሳቦችን መርሳት

ተከራዩ በቅድሚያ የከፈለው ኪራይ ካለ የትኛው ወር የሻጩ፣ የትኛው የገዢው እንደሆነ በውሉ ይወሰን፤ ካልተወሰነ ተከራዩ ለአንድ ወር ሁለት ሰው ይጠይቀዋል። አንዳንዱ ተከራይ ወለሉን ሲሚንቶ አስለስኗል፣ ኮርኒስ አሠርቷል፣ ባለቤቱም «ከኪራይ ይታሰባል» ብሎታል፤ ያ ቃል ከሽያጩ በፊት በገንዘብ ይዘጋ። ገዢዎች ቤቱን የሚያዩበት ቀንና ሰዓትም ከተከራዩ ጋር ተነጋግሮ ይቆረጥ። የኪራይ ገቢ ግብር ውዝፍ ካለ ስም ዝውውሩ ላይ እንዳይያዝ አስቀድመው ይጨርሱ። ርክክብ በሚደረግበት ቀን ሻጭ፣ ገዢና ተከራይ አብረው የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ቁጥሩን ጽፈው ሦስቱም ይፈርሙበት።