ዳገት ላይ የሚሞት ባትሪ፦ ቤት የተሠራ የሳይክል ባትሪ ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታ ውስጥ ወተት በኤሌክትሪክ ሳይክል የሚያመላልስ የጎረቤት ልጅ አለ። ባትሪውን ራሱ ነው የገጣጠመው፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጡ ሴሎች። ባለፈው ሰሞን መጣና «ጋሼ፣ ሙሉ ነው ይላል፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ግን ቀጥ ይላል» አለኝ። ቴስተር አምጥቼ ለካሁት። 51 ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለ48 ቮልት ባትሪ ደህና ቁጥር ነው። ከዚያ የላይኛውን ፕላስቲክ ቀደድንና እያንዳንዱን ረድፍ፣ ማለት ጎን ለጎን የተያያዙትን ሴሎች፣ ለየብቻ ለካን። 3.97፣ 3.98፣ 3.97 እያለ ሄደ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ 3.31።

ችግሩ እዚያ ነበር። 48 ቮልት የምንለው ባትሪ 13 ረድፍ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ነው፣ 36 ቮልቱ ደግሞ 10 ረድፍ። አንዱ ረድፍ ቢዳከም የቀሩት 12ቱ ጠቅላላውን ቁጥር ያሳምሩታል። ስለዚህ ባትሪው ካላበጠ፣ ካልሸተተና ካላፏጨ በቀር ምንም ዓይነት ችግር ይግጠማችሁ፣ መጀመሪያ ረድፍ በረድፍ ለኩ። ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ባትሪው ላይ ብረት ጣል አታድርጉ። ቤት ውስጥ ከሚነካ ነገር ሁሉ እንዲህ እሳት የሚተፋ ጥቂት ነው።

ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይጠፋል

ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ቮልቱም ለጊዜው ይወርዳል። ደካማው ረድፍ ከሁሉ ቀድሞ 2.8 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪት) ባትሪውን ለማዳን ይቆርጠዋል። አጥፍታችሁ ስታበሩት ደግሞ ይሠራል፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ሂሳቡን እንሥራ። ሞተሩ 20 አምፔር ሳበ እንበል። በአንድ ረድፍ 5 ሴል ጎን ለጎን ካለ እያንዳንዱ 4 አምፔር ይሸከማል። የላፕቶፕ ሴል ለዚህ አልተሠራም፣ አርጅቶ ደግሞ 1 ወይም 2 አምፔር ቢሸከም ነው የሚመቸው። ስለዚህ ሁሉም ረድፍ እኩል ሆኖ ዳገት ላይ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ሴል አይደለም፣ ባትሪው ራሱ አንሷል። ጎን ለጎን የሚገቡትን ሴሎች ጨምሩ፣ ወይም ለከፍተኛ አምፔር የተሠራ አዲስ ሴል ግዙ፣ ወይም ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው) የሚስበውን ቀንሱ።

አንድ ረድፍ ብቻ ከወረደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቢኤምኤሱ ያስተካክለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙዎቹ የሚያስተካክሉት በ50 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። የ2 አምፔር ሰዓት ልዩነት ካለ 40 ሰዓት ይፈልጋል፣ ያውም ባትሪው ሊሞላ ሲል ብቻ ነው ሥራ የሚጀምረው። ዋናውን ቻርጀር ነቅላችሁ ያንን ረድፍ ብቻ በ4.2 ቮልት የአንድ ሴል ቻርጀር ሙሉት፣ አጠገቡ ሆናችሁ። ከዚያ ለሳምንት አስቀምጡትና ለኩ። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከወረደ ውስጡ የሚያፈስ ሴል አለ። ለያይታችሁ ፈልጉት። በምትኩ የሚገባው አቅሙ ከቀሩት ጋር የሚመሳሰል ይሁን፣ ቮልቱንም ከመበየዳችሁ በፊት አስተካክሉ፤ ልዩነት ካለ ሲነካኩ አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይፈስሳል።

ልጁ ሰባተኛው ረድፍ ውስጥ አንድ የሞተ ሴል አገኘ። አራቱን ጎትቶ የጣለው እሱ ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ ይግላል

እጃችሁን ባትሪው ላይ አድርጋችሁ ከዳገት በኋላ ዳስሱ። ሁሉም ለብ ብሎ አንዱ ቦታ የሚፈጅ ከሆነ ብየዳው ላልቷል ወይም ሴሎቹን የሚያያይዘው ጥብጣብ ኒኬል አይደለም። መርካቶ ኒኬል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኒኬል አይደለም፣ በኒኬል የተቀባ ብረት አለበት፣ እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የበለጠ ይግላል። ማግኔት አይለየውም፣ ሁለቱም ይሳባሉና። ጥብጣቡን በምላጭ ፋቅ አድርጉና ጨው ባለው ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ውኃው ቡናማ ከሆነ ብረት ነው። ሴል ላይ በቀጥታ በሶልደር አትበይዱ፣ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ስፖት ብየዳ ያለውን ሰው ፈልጉ።

ሲሰካ ቻርጀሩ ወዲያው አረንጓዴ ያበራል

ወይ ቢኤምኤሱ ዘግቷል፣ ወይ ፊውዝ ሄዷል፣ ወይ ሽቦ ተነቅሏል። የሴሎቹን ጠቅላላ ቮልትና በመውጫው ያለውን ቮልት አወዳድሩ፤ ፊውዙና ሽቦው ደህና ሆነው ከተለያዩ የቆረጠው ቢኤምኤሱ ነው። ለምን እንደቆረጠ ረድፎቹ ይነግሯችኋል። ቢኤምኤሱን ዘልላችሁ በቀጥታ መሙላት የሚባለውን ነገር አታድርጉት፣ እባካችሁ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ይችላል፣ ስትሞሉት ውስጥ ለውስጥ ሊገናኝና ሊነድ ይችላል። ጣሉት።

ቻርጀሩንም ለብቻው ለኩት። ለ13 ረድፍ 54.6፣ ለ10 ረድፍ 42 ቮልት ማሳየት አለበት። ሶኬቱ ገባ ማለት ቻርጀሩ ልኩ ነው ማለት አይደለም።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ቻርጀሩ ሞተ

ሲመጣ ቮልቱ ይዘላል። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አምፖሉ ሲረጋ ስኩ።

ከውርጭ ሌሊት በኋላ አቅሙ ቀንሷል

ይሄ ለእኛ ለሱሉልታዎች ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ ውስጡ በብረት መልክ ይጋገራል፣ ያ አቅም አይመለስም። ውጭ ያደረ ባትሪ ለብ እስኪል ቤት ይቆይ፣ ከዚያ ይሞላ። ክረምት ላይ ዝናብ የገባበት ደግሞ ተከፍቶ እስኪደርቅ ቻርጀር አይንካው፤ ቀጫጭኖቹ የቢኤምኤስ ሽቦዎች አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ቀይሯቸው።

አብጧል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ ያፏጫል

ያበጠ ወይም የሸተተ ባትሪ አይጠገንም። ነቅላችሁ ውጭ፣ ከቤትና ከሚነድ ነገር ራቅ አድርጋችሁ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ማፏጨት ከጀመረ ግን አትንኩት። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ጭሱን አትሳቡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ። ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታም አሁኑኑ እዩት። የመኝታ ክፍልና የመውጫ በር አጠገብ ከሆነ ዛሬውኑ አንሱት። ልጁ አልጋው ሥር ነበር የሚሞላው። አሁን በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ይሞላዋል፣ ቀን ቀን፣ እናቱ ቤት እያሉ።