የካሞራን የቆሻሻ ወንጀል ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ጣሊያን፣ በኔፕልስና በካዜርታ መካከል፣ 90 ከተሞችና መንደሮች ያሉበት፣ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርበት አካባቢ «የእሳት ምድር» ይባላል። ካሞራ የተባለው ማፊያ ለዓመታት መርዛማ ቆሻሻ ቀብሮበታል። ስለ ጉዳዩ ሲጻፍ እነዚህ ስህተቶች ይደጋገማሉ።

የመጀመሪያው የቤት ጥራጊ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጥራጊ የተሞሉት የኔፕልስ ጎዳናዎች ሌላ ችግር ናቸው። ማሳ ሥር ከተቀበረው መርዝ ብዙው ከሰሜን ጣሊያን ፋብሪካዎች የመጣ ዝቃጭ፣ አቧራና ኬሚካል ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ባለፋብሪካው በርካሽ ከፍሎ ያስወሰደው ነው። ስለዚህ እሱን እንደ ተታለለ ሰው ማየትም ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድጓዱን አይቶ ወረቀቱን መተው ነው። ወንጀሉ የሚጀምረው ከቁፋሮው በፊት፣ የጭነት መሸኛው ላይ ነው። በአውሮፓ ሕግ እያንዳንዱ ቆሻሻ ባለስድስት አሃዝ ኮድ አለው፤ አደገኛ ከሆነ ኮከብ ይጨመርበታል። ከብረት ፋብሪካ የጭስ ማጣሪያ የሚወጣ አደገኛ አቧራ 100207* ነው፤ አደገኛ ያልሆነው 100208። ቆሻሻውን ከፋብሪካው ተረክቦ የሚያስወስደው ደላላ ትርፍ ያለው በዚያች አንድ አሃዝና አንድ ኮከብ ውስጥ ነው። መኪናው ማከማቻ ይገባል፤ አንዳንዴ ጭነቱ ሳይራገፍ፣ ወረቀቱ ላይ «ታክሟል» (አደገኛነቱ ተወግዷል) ተብሎ በአዲስ ኮድ ይወጣል። ጣሊያኖች «ጂሮቦላ» ይሉታል፣ መሸኛ ማዟዟር እንደማለት። ዝቃጭ ኮምፖስት ተብሎ ማሳ ላይ የተበተነበት ጊዜም አለ። መርማሪ የገባውንና የወጣውን ኮድና ክብደት ያስተያይ። በወረቀቱ ሥርዓት መሸኛው አራት ቅጂ ነበረው፤ ተቀባዩ የፈረመበት አራተኛው በሦስት ወር ውስጥ ወደ ፋብሪካው ካልተመለሰ፣ ባለፋብሪካው ለባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት። ዝም ካለ ለምን ዝም አለ?

ቃጠሎንና ቀብርን ማደባለቅም አለ። መንገድ ዳር የሚነደው ብዙ ጊዜ ካልተመዘገቡ የጫማና የልብስ ወርክሾፖች የወጣ የቆዳና የጨርቅ ቁርጥራጭ ነው፤ ማቀጣጠያው አሮጌ ጎማ። ምርቱ በመዝገብ ስለሌለ ቆሻሻውም በሕጋዊ መንገድ አይወጣም፤ ወርክሾፑ ካልተፈተሸ እሳት ማጥፋት ብቻውን አያቆመውም።

«መሬቱ በሙሉ ተመርዟል» ማለት ምንም ያልቀበረውን ገበሬ ይጎዳል። በ2014 ይፋ በሆነው የመንግሥት ጥናት፣ ከ1,076 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አጠራጣሪ የተባለው 2 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ ግን መንግሥትን ነጻ አያወጣም። ከካሞራ ቡድኖች አንዱ የሆነው የካዛሌዚ አባል የነበረው ካርሚኔ ስኪያቮኔ ለፓርላማ ኮሚሽን በ1997 የሰጠው ምስክርነት እስከ 2013 በምስጢር ተይዟል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ጣሊያን የነዋሪዎቹን በሕይወት የመኖር መብት ጥሳለች ብሎ ፈርዶ፣ የተሟላ የመፍትሔ ዕቅድ እንድታዘጋጅ ሁለት ዓመት ሰጥቷታል።