ጨዋታ ሲጀመር እግር ለምን ይከብዳል? የቅርጫት ኳስ ማሟሟቂያ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ችግር፦ ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ሆነው ይታያሉ፤ ከቅርጫት የተመለሰ ኳስ ለመያዝ ዘግይተው ይዘላሉ፣ ቀላል ሌይአፕም (ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ከቅርብ የሚሞከር ጎል) ይስታሉ።

ምክንያት፦ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የማሟሟቂያው ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። ብዙ ቡድኖች ሜዳ እንደገቡ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ገና ያልሞቀውን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥረው ይይዛሉ። እንዲህ ረዘም ላለ ጊዜ ተወጥሮ የቆየ ጡንቻ የመስፈንጠር ኃይሉ ለጊዜው ይቀንሳል። ልማዱ ሥር የሰደደ በመሆኑ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ካልተቀመጡ ያልተሟሟቁ ይመስላቸዋል።

መፍትሄ፦ በዝግታ ሩጫ፣ በጎን እርምጃና ወደ ኋላ በመሮጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሰውነትን ማሞቅ ይቀድማል፤ ጠዋት በ1 ሰዓት በአዲስ አበባ ብርድ፣ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሚለማመድ ቡድን ይህን ክፍል ማራዘም አለበት። ቀጥሎ እየተራመዱ ጉልበትን ወደ ደረት ማንሳት፣ እግርን ወደ ፊትና ወደ ጎን ማወዛወዝ፣ በረጅም እርምጃ ዝቅ ብሎ ወገብን ማዞር ይገባል። አጫጭር የፍጥነት ሩጫዎችና ዝላዮች በመጨረሻ ይመጣሉ። ተቀምጦ መሳሳብ ከጨዋታ በኋላ ይሁን።

ችግር፦ ቡድኑ በደንብ ተሟሙቆ ሳለ ጨዋታው ሲጀመር ቀዝቅዞ ይገኛል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ከጨዋታ በፊት ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በንግግር ከፈጀ፣ የተገኘው ሙቀት ተጫዋቾቹ ቆመው ሲያዳምጡ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው መመሪያ ከማሟሟቁ በፊት ይሰጥ፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። የ15 ደቂቃው የመሃል ዕረፍትም እንዲሁ ነው፤ ደንቡ ከሦስተኛው ሩብ በፊት ማሟሟቅን ስለሚፈቅድ ከመልበሻ ክፍል ቀደም ብሎ መውጣት ይጠቅማል። ተጠባባቂዎች ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ከወንበር ጀርባ እንዲንቀሳቀሱ ይደረግ።

ችግር፦ ቁርጭምጭሚት በተደጋጋሚ ይጠመዘዛል።

ምክንያት፦ በቅርጫት ኳስ በብዛት የሚጎዳው ይህ መገጣጠሚያ ነው። የተለመደው የሌይአፕ ሰልፍ ግን ቀጥታ ሩጫን ብቻ የሚያለማምድ ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ኳስ ሲሰለፉ አብዛኛው ጊዜ ቆሞ በመጠበቅ ያልፋል።

መፍትሄ፦ ኳሶቹን ማብዛት፣ በጎን መንሸራተትንና ድንገተኛ መቆምን መጨመር፣ በአንድ እግር ዘሎ በዚያው እግር ማረፍን ማለማመድ። አሰልጣኙ እዚህ ላይ ኳሱን ትቶ ጉልበትን ይመልከት፦ ሲያርፍ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከሆነ ዝላዩን አሳንሶ አስተራረፉን ማስተካከል አለበት። ቀደም ሲል የተጎዳ ቁርጭምጭሚት እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ እብጠት ወይም ሕመም ያለበት ተጫዋች በማሟሟቅ ይስተካከልለታል ተብሎ ሜዳ አይግባ።

ችግር፦ ተጫዋቾች ገና ሳይጀምሩ ይደክማሉ።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ማሟሟቂያው ወደ ልምምድነት ተቀይሯል ማለት ነው። ተጫዋቹ እያላበውም ሳይቆራረጥ መናገር ከቻለ መጠኑ ተገቢ ነው፤ ካልቻለ የሩጫውን ድግግሞሽ መቀነስ ይበቃል።